የነፋሷ ሦስተኛ ፈተና

ነፋሷ ሁለተኛውን የተግባር ፈተናም እንደ መጀመሪያው በሩ ጋ ስትደርስ ወደቀች። በሽተኛ ተብሎ መሬት ላይ የተዘረጋው የላስቲክ ሰው ልቡ ቆሟል ተብሏል። ልቡ የቆመ ሰው ደግሞ እዚያው በወደቀበት ቦታ ደረቱን እየተጫኑ ይታከማል እንጂ ተሸክመውት አይሮጡም። ይህን ከክፍሉ ሠልጣኝ ሁሉ አብልጣ ታውቃለች፤ በጽሑፍ ፈተናው እንኳ አንድም ጥያቄ አልሳተችም። ግን ገብታ ተንበረከከች፣ ትንሽ ተጫነች፣ ከዚያ ሳታስበው አፏ ተከፈተና "አንሱት፣ እንሂድ!" አለች። ለረዳትነት የተመደቡት ሁለት ሰዎች የታዘዙትን አደረጉ። ቃሬዛው በሩ ጋ ሲደርስ ፈታኟ ሐኪም እስክሪብቶዋን ከድና "ይበቃል" አለች።

ሰው አንድ ጊዜ ቢወድቅ ዕድሉን ይራገማል። ሁለት ጊዜ እዚያው ሲወድቅ ግን ራሱን መጠርጠር አለበት። ነፋሷ አልጠረጠረችም። የፈተናውን ጋዋን አውልቃ ልብስ ክፍሉ መስኮት ላይ ወረወረችና ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። "ይቺ ሴትዮ ጥርስ ነክሳብኛለች" አለች በልቧ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ፈታኟ ስሟን እንኳ አታውቀውም ነበር።

ነፋሷ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት አምቡላንስ ነድታለች። ዝናብ ሲጥል የሚሞላውን ድልድይ፣ ገበያ ሲቆም የሚዘጋውን መንገድ፣ የቆሻሻ መኪናው የትኛውን መታጠፊያ ይዞ እንደሚገተር እንደ ቤቷ ጓዳ ታውቀዋለች። የሆስፒታሉ ዘበኞች የሳይረኗን አመጣጥ ይለዩት ነበርና "መጣችላችሁ!" ብለው በሩን ቀድመው ይከፍቱላታል። በዚያን ጊዜ አምቡላንስ ማለት ሾፌርና አንድ ረዳት ብቻ ነው። ረዳቱ ከኋላ የበሽተኛውን እጅ ይይዛል፣ ሾፌሩ ይነዳል፣ ሕክምናው ሆስፒታል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ነፋሷ የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነበር፤ እሱም ቶሎ መድረስ ነው።

ኋላ አዲስ ደንብ መጣ። አምቡላንስ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ሾፌሩም ጭምር፣ ሠልጥኖ የፓራሜዲክነት፣ ማለትም በሽተኛን ባለበት የማከም፣ ፈቃድ ይያዝ ተባለ። ከቀድሞዎቹ ሾፌሮች ገሚሱ "በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ተማሪ ልሁን?" ብለው የዕቃ ማመላለሻ መኪና ወደ መንዳት ሄዱ። ነፋሷ ግን ተመዘገበች። የተግባር ፈተናውን ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ተመልሶ አይፈተንም፤ ወደ አምቡላንሱም አይመለስም። እንግዲህ ከሁለተኛው ውድቀት በኋላ የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነው። እሱም ካመለጣት ሳይረን ሲያልፍ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ዳር ይዛ መቆሟ ነው።

ሥልጠናውን የሚሰጡት ጡረታ የወጡ አንድ ነርስ ናቸው። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ በመጀመሪያው ሳምንት እናገራለሁ ስለሚሉ ሠልጣኞቹ "ጋሽ ትንቢት" ብለዋቸዋል። እንደ እሳቸው አባባል ጉብዝና ብቻውን የትም አያደርስም። ያነበበውን በራሱ አፍ መልሶ የሚያስረዳ፣ ከትምህርት የማይቀር፣ ስህተቱን ሲነግሩት የማያኮርፍ፣ ቤት ሲገባ "አይዞህ" የሚለው ሰው ያለው፣ እሱ ያልፋል። "ልምድስ?" ሲሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ልምድ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚማረው፤ አንዴ አዲሱን ለመያዝ፣ አንዴ የድሮውን ለመጣል። መጣሉ ይከብዳል።" ነፋሷን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ ቁልቁል አይተዋት "አንቺ ወይ ከሁሉ በላይ ታልፊያለሽ፣ ወይ ጭራሽ አታልፊም" ብለዋት ነበር። ያኔ ስቃለች። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ አሉ።

በወደቀች ማግስት ወደ መለማመጃው ክፍል አስጠሯት። የላስቲኩ ሰው ጥግ ላይ ተጋድሟል።

"ቁጭ በይ።"

"መቆም ይሻለኛል።"

"በሽታሽ እሱ ነው እኮ። ቁጭ በይ ስልሽ!"

ተቀመጠች።

"ትናንት ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነበር?"

"ልቡ ቆሞ ነበር።"

"ምን ይደረግለታል?"

"ደረቱን መጫን፣ አየር መስጠት፣ የልብ ማስነሻውን ማሽን መግጠም። ምነው፣ ይህን አጥቼ ነው የወደቅኩት?"

"ወዴት ልትወስጂው ነበር ታዲያ?"

"ሆስፒታል ነዋ!"

"ሆስፒታል ሲደርስ ምን ይደረግለታል?"

የሚደረግለት ያው ነው። ልዩነቱ በመንገድ ላይ፣ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ፣ ደረቱን በወጉ የሚጫንለት ሰው አለመኖሩ ነው።

"የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" አሉ ጋሽ ትንቢት፣ ግን በፌዝ አልነበረም። ወንበራቸውን ሳቡና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽና በሐቅ መልሺልኝ። ዘጠኝ ዓመት ስትነጂ ስንት ሰው ዓይንሽ እያየ ሞተ?"

ብዙ ልትል ነበር። መኪናዋ ውስጥ የሞቱትንማ ቆጥራ አትዘልቃቸውም። ግን ዓይንሽ እያየ ነው ያሉት። በሾፌሩና በበሽተኛው መካከል ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ በዚያች መስኮት ላይ ደግሞ ነፋሷ ሁልጊዜ ጃኬቷን ትሰቅል ነበር። ለምን እዚያ እንደምትሰቅለው ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

"አንድም" አለች።

"እንግዲያው 'እንሂድ' የምትይው ለበሽተኛው ብለሽ ነው ወይስ እጅሽ ላይ እንዳይሞትብሽ?"

ብድግ አለች። "እኔን ፈሪ ለማለት ነው የጠሩኝ?" ብላ በሩን አላግታ ወጣች። በሩ ምን አደረጋት? ምንም። ግን ሰው እውነቱ ሲነገረው የሚያላጋው ነገር ይፈልጋል።

አውቶቡስ ውስጥ በመጀመሪያ ተናደደች፣ ከዚያ አፈረች፣ ከዚያ ፈራች። በአምቡላንሷ የወሰደቻቸው አንድ አዛውንት መምህር ትዝ አሏት። ከኋላ ተኝተው መንገዱን ሙሉ ያወሩ ነበር። "ቀስ በይ ልጄ፣ እኔን ልታተርፊ ሌላውን እንዳትገጪ" ይሏታል። እሷም ትስቅ ነበር። ድንገት ዝም አሉ። ነፋሷ ዞራ አላየችም፤ ነዳጅ ረገጠች እንጂ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሌሎች ተቀብለው አወረዷቸው፣ እሷ የመኪናዋን ወለል አጥባ ወደ ሌላ ጥሪ ሄደች። ያን ቀን አለቃዋ ስለ ፍጥነቷ አመስግኗት ነበር። አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

ባለቤቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚሠራውም ቤቱ ውስጥ ነው። ነገሩን ስትነግረው "ፈሪ አይደለሽም" አላለም። መቀሱን አስቀምጦ አሰበና "ታዲያ እንለማመዳ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥልጠና ስትመለስ ጨርቁን ሰብስቦ በስፌት መኪናውና በአልጋው መሀል ይዘረጋል።

"ዛሬ በምን ልሙት?"

"በልብ።"

"ትናንትም በልብ ነበር። ለለውጥ እንኳ በጭንቅላት አይሆንም?"

"ዝም በል፣ ሞተሃል።"

ጤነኛ ሰው ላይ ደረት መጫን አይቻልምና እሱን እያናገረችና እየመረመረች፣ ደረት መጫን ሲመጣ ወደ ትራስ ትዞራለች። ልጃቸው የበሽተኛው ዘመድ ሆና እንድትጮህ ታዝዛለች። ልጅቱ ግን እንኳን "ጩኺ" ተብላ ዱሮም አፏ አይገጥምም፤ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ትጮሃለች። "እማዬ፣ አባቴን ምን ትጠብቂለታለሽ? ሆስፒታል ውሰጅልኝ!" የነፋሷ እግር ይህን ሲሰማ በራሱ ይነሳል። ጥርሷን ነክሳ ትመለሳለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት "አንሱት!" የሚለው ቃል እየቀደማት ይወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ሟቹ አንድ ዓይኑን ከፍቶ "ሞቼም አላሳርፍ አልሽኝ?" ይላል። ቀስ በቀስ ግን ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ መቅረት ጀመረ።

አንድ ነገር ግን አልተለማመዱም። ባለቤቷ ሁልጊዜ ይነሳል። ትጫናለች፣ ታክማለች፣ እሱም ተነስቶ አቧራውን አራግፎ እራት ይጠይቃል። ሞቶ የቀረበት ቀን የለም። እሷም እንዲያ አድርገን እንሞክረው ለማለት ልቧ እሺ አላለም፤ እሱም አላነሳባትም።

የፈተናው ቀን ጠዋት እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ እንደገና ልትታጠብ ስትል ጋሽ ትንቢት ኮሪደሩ ላይ አገኟት። ካላጋችው በር ወዲህ ለብቻቸው ተነጋግረው አያውቁም።

"መምህር፣ ዛሬስ ምን ይተነብያሉ?"

"ዛሬ ዝም ማለት ይሻለኛል" አሉ። ይህ ከምንም በላይ አስፈራት።

ክፍሉን የእንጨት ሥራ ቤት አስመስለውታል። ጣውላ ተደርድሯል፣ የኤሌክትሪክ መጋዝ ቆሟል፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል፣ መሀሉ ላይ የላስቲኩ ሰው ተዘርሯል። ፈታኟ ጥግ ላይ ቆማለች። ከግድግዳው ሥር ደግሞ የሟች ሚስት ሆነው የሚጫወቱት የልብስ ክፍሏ ሴትዮ ተቀምጠዋል። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ በአዘቦት ቀን ጋዋን ያድላሉ፣ በፈተና ቀን ግን ያለቅሳሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ የእሳቸውን ለቅሶ ሰምቶ ያልተደናገረ ተፈታኝ የለም ይባላል። ነፋሷ ግን ሁለቱንም ጊዜ ቃሬዛ ይዛ ስለሮጠች የእሳቸው ተራ ደርሶ አያውቅም።

"ጀምሪ" አለች ፈታኟ።

ነፋሷ መጋዙ ከኤሌክትሪክ መነቀሉን አየች። የላስቲኩን ሰው ጠራችው፣ አልመለሰም። ትንፋሹን ተመለከተች፣ የአንገቱን የደም ሥር ዳሰሰች፤ የለም። ተንበርክካ ደረቱን መጫን ጀመረች። አንደኛው ረዳት አየር እንዲሰጥ፣ ሁለተኛው ማሽኑን እንዲገጥም አዘዘች። ድምጿ ደረቅ ነው፣ ግን አይንቀጠቀጥም።

ሴትዮዋ ተነሱ።

"ምን ታደርጊዋለሽ? ደረቱን ልትሰብሪው ነው እንዴ? ውሰጂልኝ! መኪናው ደጅ ቆሞ የለም እንዴ? ኧረ በፈጠረሽ፣ ሆስፒታል አድርሺልኝ!"

የነፋሷ ቀኝ እግር ከወለሉ ተነሳ። በእርግጥ ተነሳ፤ ጉልበቷ ከሰጋቱራው ሲላቀቅ ተሰማት። በሩ ከፊቷ ነው። ቃሬዛው ከአጠገቧ ነው። ፈታኟ እስክሪብቶዋን ወደ ክዳኑ ስታስጠጋ በዓይኗ ጠርዝ አየቻት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰውነቷ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሂጂ ይላታል።

እግሯን መለሰችው።

"እናቴ" አለች መጫኗን ሳታቋርጥ፣ "ሆስፒታልም የሚያደርጉላቸው አሁን እኔ የማደርገውን ነው። መኪና ውስጥ ካስገባኋቸው እጄ ይላላል። እዚህ ይሻላቸዋል። አልሄድም።"

ማሽኑ መረመረ። በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊነሳ የሚችል የልብ ምት የለም አለ። ተጫነች። ክንዷ ሲዝል ከረዳቷ ጋር ተቀያየረች፣ መድኃኒት አዘዘች፣ ተመልሳ ያዘች። እንደገና ማሽኑ መረመረ፣ እንደገና የለም አለ። ጊዜው ረዘመ። ነፋሷ አሁን ልቡ ይመታል፣ አሁን "ተነሣ" ይሉኛል ብላ ጠበቀች። ቤቷ ውስጥ ሁልጊዜ ይነሳ ነበር። በመጨረሻ ከሬዲዮው የተረኛ ሐኪም ድምፅ መጣ። "የሚቻለው ሁሉ ተደርጓል። አቁሙ።"

እጇን አነሳች። ጨረስኩ ብላ ወደ ፈታኟ ቀና አለች። ፈታኟ ግን እስክሪብቶዋን አልከደነችም፤ በአገጯ ወደ ሴትዮዋ አመለከተች።

ነፋሷ ገባት። የሚነግር ሌላ ሰው የለም። ተቀብሎ የሚያወርድ ዘበኛ የለም፣ ከበሩ በስተጀርባ የሚጠብቅ ሐኪም የለም። ይህ ሰው የሞተው እሷ እጅ ላይ ነው፤ የምትናገረውም እሷ ናት። ተነስታ ሄዳ ከሴትዮዋ ፊት ዝቅ አለች።

"እናቴ... የሚቻለንን ሁሉ አደረግን። ባለቤትዎ... በጣም ደክመዋል።"

ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። ያ ብርሃን ከለቅሷቸው ይብስ ነበር።

"ደክሞት ነው? ተመስገን! ታዲያ ብርድ ልብስ ላምጣለት? ወለሉ እኮ ይበርዳል።"

ብድግ አሉ፤ እውነትም ሊያመጡ። ነፋሷ እጃቸውን ያዘች። ስብራቱን፣ ደሙን፣ የመድኃኒቱን መጠን ሁሉ አጥንታለች። ይህችን አንዲት ቃል ግን አፏ ሊያወጣት አልቻለም። ደካማ ተፈታኞች "አርፈዋል" ይላሉ፣ "ተለይተውናል" ይላሉ፣ ሰሚው እንደሚፈልገው ይሰማዋል። ጋሽ ትንቢት ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ ቃሉን ጥርት አድርጋችሁ ካልተናገራችሁ ሰውየው ተስፋ ይዞ ይቀራል ብለው ነበር። ሁሉም ጽፎታል። ያኔ ቀላል ነገር ይመስል ነበር።

"እናቴ፣ ይቀመጡ።" አልተቀመጡም። "ይመልከቱኝ። ባለቤትዎ ሞተዋል። ልባቸው ቆመ፣ ልንመልሰው ሞከርን፣ አልተመለሰም። ሞተዋል።"

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አልጮኹም። ነፋሷም አጠገባቸው ወለሉ ላይ፣ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠች። ዕቃዋን አልሰበሰበችም። የፈተናው ማብቂያ ደወል ተደወለ። ረዳቶቹ የላስቲኩን ሰው አንስተው አቧራውን ማራገፍ ጀመሩ። ነፋሷ ግን የሴትዮዋን እጅ እንደያዘች ነበር።

"አለቀ እኮ" አሉ ሴትዮዋ በሹክሹክታ። "ልቀቂኝ፣ ሌላ ተፈታኝ ይገባል።"

ውጤቱን ፈታኟ ራሷ ኮሪደር ወጥታ ነገረቻት። አልፋለች። "'ደክመዋል' ስትይ ልጥልሽ ነበር" አለች ፈታኟ፤ "ደግነቱ አረምሽው።" ጋሽ ትንቢት ወዲያው ትንቢታቸውን አገኙት። "አላልኳችሁም? ገና በመጀመሪያው ቀን አውቄው ነበር!" እያሉ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ያወራሉ። ባለቤቷ የስፌት ሥራውን ጥሎ መጥቶ ደጅ ቆሟል። ነፋሷ ሳቀች፣ አለቀሰችም፤ የትኛው እንደቀደመ አታውቅም።

ጋዋኑን ልትመልስ ልብስ ክፍሉ መስኮት ጋ ስትሄድ ሴትዮዋ ተመልሰው ጋዋን ያጥፋሉ። ፊታቸውን ታጥበዋል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "መጀመሪያ ላይ ደክመዋል ያልኩት... አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።" አንዱን ጋዋን አጥፈው ሌላውን አነሱ። "የኔም ሰውዬ የሞተ ጊዜ በአምቡላንስ የመጡት ሰዎች ደክሟል ብለውኝ ነው የወጡት። ቸኩለው ነበር መሰለኝ፣ ሌላ ጥሪ ነበረባቸው። እኔም ይረፍ ብዬ አልቀሰቀስኩትም። ልጆቹንም ዝም በሉ፣ አባታችሁን አትረብሹ እያልኩ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ እግሩን ላለብሰው ስል ነው በእጄ የነካሁት።"

በየትኛው ዓመት ነበር፣ በየትኛው ሰፈር፣ የትኛው መኪና ነበር የመጣው? ጥያቄው ምላሷ ላይ ደረሰ። አንድ ቃል ብትጠይቅ ታውቀዋለች። የእሷ መኪና ቢሆንስ? ዘጠኝ ዓመት ረጅም ነው። በስንት ቤት ደጅ ረዳቷ "ደክሟል" ሲል ሰምታ ሞተሩን አስነስታለች።

ከኮሪደሩ ባለቤቷ በስሟ ተጣራ። ጋሽ ትንቢትም ተጣሩ።

ነፋሷ የልብስ ክፍሉን በር ከፍታ ገባችና ከሴትዮዋ አጠገብ ባለው ባንኮኒ ላይ ተቀመጠች።

"ይጠሩሻል" አሉ ሴትዮዋ።

"ይጠብቁ" አለች ነፋሷ። "ባለቤትዎ የት ሰፈር ነበር የሞቱት?"